የሁለት ቤት እሳት

ቤት ባዶ ነው የሚባለው መቼ ነው? ሰው ሲወጣበት ነው እንዳትሉኝ፤ እንዲያ ከሆነማ የእኔ ቤት ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው። እኔ ልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ እንዳቀረቀርሁ እውላለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከለቅሶ ለቅሶ ስትዞር ይመሽባታል። ቁልፍ ሲንጠለጠልበት ነው ካላችሁም አልስማማም፤ እንግዳ የሰለቸው ሰው በሩን ከውጭ አስቆልፎ ከውስጥ ድንቹን ሲልጥ አውቃለሁ። በእኛ አገር የቤት መለኪያው ጭስ ነው። ጭስ ከወጣ ሰው አለ፤ ካልወጣ የለም። አለቀ።

እኛ አገር የምለው ቆሰበርን ነው። ሰሌዳው እንጅባራ ይላል፤ ሰሌዳ የፈለገውን ይበል። ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ የማይታወቅ፣ ጉሙ ቤት ለእንግዳ ሳይባል ዘው ብሎ የሚገባበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር እሳት ያልነደደበት የጭቃ ቤት ክረምቱን አይዘልቅም፤ ግድግዳው ይሻግታል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ የእኛ ሰው ራቅ ብሎ ሲሄድ ቁልፉን ለጎረቤት ይሰጥና “ቤቱን ጠብቁልኝ” አይልም። “እሳት አንድዱልኝ” ነው የሚለው። ሌባውንማ ውሻም ይጠብቀዋል።

እማማ ውዴ የተቀበሉትም አደራ ይኸው ነበር። የእማማ ውዴና የወይዘሮ ይታይሽ ቤት የሚለያየው በአንድ የቀርከሃ አጥር ነው። አጥር አልሁት እንጂ ሁለቱ ሴቶች ሲመላለሱበት መሐሉ ተከፍቶ በር ሆኗል። በአማርኛ ተጀምሮ በአዊኛ የሚያልቅ ጨዋታቸውን እኔ ከሱቄ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ዋናው ሐሜት ሁልጊዜ አዊኛው ላይ ስለሚውል እኔ አይደርሰኝም። በኋላ ወይዘሮ ይታይሽ ታመሙና ልጃቸው መጥታ ባሕር ዳር ወሰደቻቸው። ሲሄዱ ሚኒባሱ ውስጥ ሆነው ቁልፉን በመስኮት አቀበሉ። “ውዴ፣ እሳቴን አደራ” አሉ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እማማ ውዴ መጀመሪያ ጧት ጧት ብቻ ገብተው እሳት አንድደው ይወጡ ነበር። ከዚያ እሳቱ እስኪከስም መቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ እሳቱ ካለ ለምን በከንቱ ይነዳል ብለው ድንቻቸውን እዚያው መቀቀል፣ ድንቹ ካለ ለምን ቆሜ እበላለሁ ብለው ዱካቸውን ወደዚያ መውሰድ፣ ዱካው ካለ ደግሞ… እንግዲህ ታውቁታላችሁ። ሰው ወደ ሰው ቤት የሚገባው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ቢሆንማ ራሱም ይደነግጥ ነበር።

በዚህ መሐል ማዘጋጃ ቤታችን ነቃ። ሰው የሚከራይ ቤት አጥቶ ሲንከራተት ስንቱ ቤት ተዘግቶ የአይጥ መፈንጫ ሆኗል፣ ስንቱስ ቦታ ታጥሮ ሣር ያበቅላል ተባለ። እውነት ነው። እኔም ስናገር ኖሬአለሁ፣ የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ሰው የሌለበት ቤት ያለው ወይ ይኑርበት፣ ወይ ያከራየው፣ አለዚያ ያስረክብ። ቤቶቹን ለይቶ የሚያመለክት ኮሚቴ ሲቋቋም እኔን የነዋሪ ተወካይ አድርገው መረጡኝ። ወሬ ስለምወድ ይሁን ሰው ስለጠፋ፣ እግዜር ይወቀው።

ዋናው ሰው ግን አንተነህ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ የተላከ ወጣት መሐንዲስ፣ ጨዋ፣ ትንሽ ፊቱ የማይፈታ። አንድ እጁ ላይ የቀይ ቀለም ጣሳ፣ ሌላው ላይ ብሩሽ። ደጁ ሣር ያበቀለ፣ ተደጋግሞ ሲንኳኳ አቤት የሚል የሌለበት፣ ጭስም የማይታይበት ቤት ሲያገኝ በሩ ላይ በትልቁ “ባዶ ቤት” ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ መጥቶ አለሁ ካላለ ቤቱ ይሄዳል።

ወይዘሮ ይታይሽ ቤት ስንደርስ ዓይኔ የአንተነህ ብሩሽ ላይ ነበር። ጣሪያው ግን ይጨሳል። እማማ ውዴ ብቅ አሉና “ግቡ እንጂ፣ በዝናብ ምን ያቆማችኋል?” አሉ። ገባን። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበ። አንተነህ ዙሪያውን አይቶ “ሰው አለበት” ብሎ ተነሣ። የቤቱ ባለቤት እኚህ አይደሉም ማለት የኔ ፈንታ ነበር፤ ግን አፌን ድንች ሞልቶት ነበር።

በማግስቱ አዲስ ቅዳም ከተማ ቀብር ነበረብኝና እኔ በሌለሁበት ኮሚቴው ሥራውን ቀጠለ። ማታ ስመለስ ባለቤቴ ከበር ተቀበለችኝ። “ጉድህን ስማ፤ የእማማ ውዴን ቤት ባዶ ቤት ብለው ጻፉበት!” አለች። ብሄድ እውነትም ቀዩ ቀለም ገና እየተንጠባጠበ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይሥቃል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት በዓይናችን መጣልን አሉ። እኔም ልሥቅ አልሁና የእማማ ውዴን ፊት አየሁት። በዚህ ቤት ወልደዋል፣ ባላቸውንም ከዚህ ቤት ነው የቀበሩ። በራቸው ፊት ቆመው ዘመድ እንደጠፋበት ሰው በሩን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ሣቁን ተውሁት።

ጧት አንተነህ መጣ። እማማ ውዴ በአዊኛ አንድ ረጅም ነገር አወረዱበት፤ ቃሉ ባይገባኝም ምርቃት እንዳልነበረ ገብቶኛል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አስጨረሳቸውና እዚያው በአዊኛ በትሕትና መለሰላቸው። የዳንግላ ልጅ መሆኑን ማን ነገራቸው! እማማ ውዴ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በአማርኛ ሆነ።

“እማማ፣ ትናንት ደጋግሜ ሳንኳኳ ማንም የለም። ሣሩ ደጁን ውጦታል። ጭስ የሚባልም የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝና የሚኖሩት የትኛው ቤት ነው?”

“እዚህ ነኝ ብልህ የይታይሽን ልትወስደው ነው። እዚያ ነኝ ብልህ የኔን ልትወስደው ነው። ምን ልበልህ ልጄ?”

ልጁ ሁለቱን ቤት በየተራ አየ። አሁንም መናገር የኔ ፈንታ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ድንችም አልነበረም። እማማ ውዴ ወደ እኔ ዞሩ።

“እዚህ ብቀመጥ እኮ ማን ይመጣል?” አሉኝ። “ልጆቼ በየአገሩ ናቸው፣ አባታቸውም አፈር ነው። እዚያ ስሆን ግን ይታይሽን እጠብቃለሁ። ሰው እየጠበቁ መቀመጥና ዝም ብሎ መቀመጥ አንድ አይደለም።”

እኔ የወይዘሮ ይታይሽን ልጅ ስልክ ቁጥር ለአንተነህ ነገርሁት።

አንተነህ ስልኩን አውጥቶ ባሕር ዳር ደወለና ድምፁን ለሁላችን ከፈተው። ማዘጋጃ ቤቱን፣ ትእዛዙን፣ የወሩን መጨረሻ አስረዳ። ወይዘሮ ይታይሽ በደከመ ድምፅ “እሳቱ አለ?” ብለው ብቻ ጠየቁ። “አለ” አለ ልጁ። “እንግዲያው አለሁ በላቸው። ውዴን ደግሞ ቤቷ ነው፣ ትኑርበት በላት። እኔም ስመጣ ቀዝቃዛ ቤት አልገባም።” እማማ ውዴ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

የወይዘሮ ይታይሽ ቤት እንዲህ ተረፈ። የእማማ ውዴስ? ነገሩ ሲከብደኝ የማይገናኝ ጥያቄ መጠየቅ ልማዴ ነውና “አንተነህ፣ ለመሆኑ አንተ የት ነው የምታድር?” አልሁት።

“ዳንግላ፣ እናቴ ቤት። ጧት በሚኒባስ እመጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ።”

“ለምን?”

ጣሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። “እዚህ የሚከራይ ቤት አጣሁ።”

እማማ ውዴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። “በባዶ ቤት ላይ ስትጽፍ እየዋልህ ማደሪያ አጣህ?” አሉ። ሰፈሩ አሁን በሙሉ ልቡ ሣቀ፤ እሳቸውም አብረው። ከዚያ ከጡታቸው ሥር የራሳቸውን ቤት ቁልፍ አወጡ። “እንካ። ምድጃውን ግን እንዳታስቀዘቅዝብኝ።”

ልጁ እምቢ አለ፤ ራሴ ምልክት ያደረግሁበትን ቤት ብይዝ ሰው ምን ይለኛል ብሎ። እውነቱን ነው፣ የኛ ሰው ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የምለው እኔ ነኝ። አለቆቹን ጠየቀ። ወይ ይኑሩበት ወይ ያከራዩት ነው ያልነው፣ ተከራይቶ ከሆነ ምን ቸገረን አሉት። ገባ። ዛሬ ማታ ማታ በሁለቱም ጣሪያ ጭስ ይታያል። ከአጥሩ ቀዳዳ ድንች ወደዚህ ያልፋል፣ የስልክ ካርድ ወደዚያ ያልፋል፣ አዊኛውም እንደገና ከሱቄ ድረስ ይሰማኛል። ወይዘሮ ይታይሽ ገና አልመጡም።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ማዘጋጃ ቤታችን ከሠራው ሥራ ሁሉ ዝናብ ያልበገረው ያ ቀይ ቀለም ነው። አንተነህ በሳሙና አጠበው፣ በጋዝ ፈተገው፣ ወይ ፍንክች። ከሥራ ሲመለስ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ ነው የሚገባው። ባለፈው እሑድ ሌላ ቀለም ገዝቶ ሊደርብበት ብሩሹን ሲያነሣ እማማ ውዴ በአጥሩ በኩል አዩት።

“ተወው” አሉት። “ምን ይጥፋ ብለህ ነው? ስትጽፈው እኮ እውነት ነበር።”