ባህሩ ወልደ ጫኔ ስማቸውን ከሽፋኑ ላይ ያስመለሱበት ዘመቻ

ንጽሕፍ ዜናሁ ለባህሩ ወልደ ጫኔ። በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ ሰኔ፣ የጅግጅጋ ነፋስ አቧራውን ከታይዋን ገበያ አንሥቶ ለየቤቱ በሚያድልበት ወራት፣ እኒህ ባህሩ የማኔጅመንት ተማሪ በሆኑ በአራተኛው ዓመት፣ በስትራቴጂክ ማኔጅመንት የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ የቡድን መሪ ሆነው በነገሡ በአምስተኛው ወር የሆነው ነገር ይህ ነው።

መሪነቱን ማንም አልሰጣቸውም። በመጀመሪያው ስብሰባ «ራእዩን ለእኔ ተዉት፣ ጽሕፈቱን እናንተ ያዙ» የሚል አዋጅ አስነግረው፣ ሌላው ዝም ቢል እንደ ተሾሙ ቆጠሩት እንጂ። ከሥራቸው የተሰለፈው ሠራዊትም እነሆ፤ ኬሪያ፣ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር የጻፈችው፣ ቁጣዋ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ከመጣም የማይመለስ፤ ዒጋል፣ አማርኛውንም ሶማሊኛውንም እንደ ውሃ የሚጠጣው፣ ሀርሺን ወርዶ ወተት አቅራቢ እናቶችን ያነጋገረው፤ ሄርሜላ፣ ስላይድ በማሳመር አቻ ያልተገኘላት። የሚያጠኑትም ከከተማው ዳር ያለ አንድ የግመል ወተት ማሸጊያ ድርጅት ነበር።

ሠራዊቱ ወደ ሀርሺን ሲዘምት መሪው ሆዳቸውን ታመሙ። ድርጅቱ በተጎበኘ ዕለት እንቅልፍ ከአልጋቸው ሳይወርዱ ማረካቸው። መጠይቁ ሲተነተን ደግሞ ከካፌ ሰፍረው፣ ሻዩን በወተት እያዘዙ፣ ለተቀመጠው ሁሉ ስለ ራእይ ያስተምሩ ነበር። ከቡድኑ ቴሌግራም ግን አልታጡም፤ ሌሎቹ አንድ ምዕራፍ በጨረሱ ቁጥር የአውራ ጣት ምልክት እየላኩ ያጸድቁ ነበር፤ ይህም በእርሳቸው ዘንድ አመራር ይባላል።

ወእምዝ ኬሪያ ሽፋኑን አዘጋጅታ፣ ሦስት ስም ብቻ ጽፋ፣ ፋይሉን ላከችው። ባህሩም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ አውራ ጣታቸውን ላኩበት፤ በዚህም የገዛ ሽረታቸውን በገዛ ጣታቸው ያጸደቁ የመጀመሪያው መሪ ለመሆን በቁ።

ነገሩን ያወቁት ዒጋል ከካፌው በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዋርያ ባህሩ! ከሽፋኑ ወርደሃል እኮ፤ ያውም አንተው አጽድቀህ!» ብሎ ባወጀ ጊዜ ነው። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አባታቸው አቶ ጫኔ፣ ከጎጃም መጥተው በታይዋን ጫማ ሲሸጡ የሸበቱት፣ ለምርቃቱ በግ ገዝተው፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ለብቻ የሚታረድ ፍየል ለይተው፣ ከሱቃቸው ደጃፍ «ልጄ ይመረቃል፤ ያልመጣ ወዳጄ አይደለም!» እያሉ አውጀው ነበርና። ፕሮጀክት የሌለው ደግሞ አይመረቅም። ባህሩ አባታቸው ደንበኛ ፊት ሲኮሩ ታዩአቸው፤ ያን ቀን ሆዳቸው የምር ታመመ።

በባጃጅ ከንፈው፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከበው፣ ከኬሪያ ፊት ቆሙ። ማሩኝ ማለትን አያውቁበትምና ስለ ቡድን መንፈስ ረዥም ንግግር ጀመሩ። ኬሪያም ቀና ሳትል እንዲህ ስትል ፈረደች፦ «በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቃል የለህም። በዲፌንሱ ቀን ለጥያቄ የምትቆመው አንተ ከሆንክ ስምህን እመልሰዋለሁ። ጥያቄውን ካልመለስክ ግን ስምህን እዚያው መምህሩ ፊት እሰርዘዋለሁ።»

ባህሩም ጽሑፉን ይዘው ዘመቱ። ማውጫውን በብርቱ ውጊያ አለፉ፤ ምስጋና የሚለው ገጽ ላይ ግን ተማረኩ፤ ሲነቁ ዲፌንሱ ደርሶ ነበር።

መምህሩ ዶክተር ሱጉሌ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ጥያቄያቸው ሹል የሆነ፣ ገለጻውን ሰምተው ሲያበቁ ጣታቸውን ወደ ባህሩ ዘረጉ፤ «እስቲ መሪው ይመልስ። የዚህ ድርጅት ትልቁ ድክመት ምንድን ነው?»

ባህሩ ወደ ስላይዱ ዞሩ፤ ሄርሜላ ያሳመረችው ግመል ብቻ ቆሞ ያያቸዋል። ወደ ኬሪያ ዞሩ፤ እስክሪብቶዋን ከፍታ ይዛለች። ስለ ድርጅቱ የሚያውቁት ስለሌለ፣ ስለ ድክመት የሚያውቁትን ተናገሩ፦

«ድክመቱ መሪው ነው። ሰዎቹ ይሠራሉ፣ እሱ አይገኝም። ያላየውን ያጸድቃል። ሥራው የቆመው እሱ ስላለ ሳይሆን ሌሎቹ ስላልተዉት ነው። ይህንንም... ይህንንም ያወቀው ከረፈደ ነው።»

ድምፃቸው ተሰበረ። ስለ ማን እንደተናገሩ የገባቸው ሦስቱ ጓደኞቻቸው ብቻ ነበሩ።

ዶክተር ሱጉሌ ግን ጽሑፉን ገልጠው፣ ኬሪያ የወተት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገብቶ እንደማያውቅ በማስረጃ የጻፈችበትን ገጽ አግኝተው ነበር። «ትክክል!» አሉ። «ጽሑፉም የሚለው ይህንኑ ነው። አንተ ግን እንደ ኖርክበት አድርገህ ተናገርከው። መፍትሔውስ?»

«ወይ ይሥራ፣ ወይ ይውረድ» አሉ ባህሩ፣ ወለሉን እያዩ።

ሱጉሌም ከዓመቱ መልሶች ሁሉ የላቀ ነው ብለው አወጁ። ዒጋል ሳቁን በመሐረብ አፈነ። ኬሪያ እስክሪብቶዋን ከደነች፤ ባህሩ አመሰግናለሁ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱም ቀደመቻቸው፦ «ንግግር ይቅር። ፕሮጀክተሩን ወደ ዕቃ ቤት መልስ።»

ባህሩም ያለ አዋጅ፣ ያለ ራእይ፣ ገመዱን ጠቅልለው፣ ፕሮጀክተሩን አቅፈው፣ አቧራውን ሰንጥቀው ግቢውን ተሻገሩ። ክብር ለባህሩ ወልደ ጫኔ፣ ላልጻፉት መጽሐፍ ለተመሰገኑት፣ ያልዘመቱበትን አገር ላቀኑት! ፕሮጀክተሩም ሳይሰበር ደረሰ፤ ለቡድናቸው የሠሩት የመጀመሪያው ሥራ ይህ ሆኖ ተጻፈ።