ዘርም ባሕርም የሌለበት የባሕር ጥናት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ዲላ፣ የኮሌጁ ትንሹ አዳራሽ (የትልቁ ቁልፍ ስላልተገኘ)
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00፤ የተጀመረበት፦ 9፡10

የተገኙ፦
1. አቶ ደግነት፣ የምርምር ኮሚቴው ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ካሳነሽ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
3. አቶ ሙሐሲን፣ የከተማው ነጋዴዎች ተወካይ
4. ወ/ት ሳሮን፣ የባዮሎጂ መምህርት
5. ዶ/ር ገሪማ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ ጸሐፊ። የሚታየውም ጥናት የእሱ ነው።

ያልተገኙ፦ አቶ ከፈለኝ፣ ለለቅሶ ወደ ገደብ ከተማ የሄዱ።

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። ባለጉዳዩ ራሱ ቃለ ጉባኤ መያዙ ያስኬዳል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ነጠላ ሰረዝን ከድርብ ሰረዝ ለይቶ የሚጽፍ ሌላ ሰው በኮሌጁ የለም በሚል ታልፏል። ይህን ያለው ጸሐፊው ራሱ ነው።

አጀንዳ 1፦ ጥናቱን መስማት

ጸሐፊው ከስድስት ዓመት በፊት ከሞምባሳ በተነሣች የምርምር መርከብ ሃያ አንድ ቀን ህንድ ውቅያኖስ ላይ መቆየቱን፣ አሥራ ዘጠኙን ቀን ሲያስመልሰው መክረሙን፣ በቀሩት ሁለት ቀናት ግን ዘጠና ስድስት ብልቃጥ ናሙና መሰብሰቡን አስረድቷል። በአንድ ማንኪያ የባሕር ውሃ ውስጥ ከጌዴኦ ዞን ሕዝብ የሚበልጡ ረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚኖሩም ገልጿል። አንድ የውጭ ቤተ ሙከራ ናሙናዎቹን ሊያነብለት ተራ ሰጥቶታል። ማህተም ያረፈበት የፈቃድ ደብዳቤ እስከ ነገ ዓርብ ካልደረሰው ግን ተራው ለሌላ ይሰጣል። መብራት እንዲህ እየጠፋ ናሙናዎቹ ሌላ ክረምት እንደማይሻገሩም አሳስቧል።

ወ/ሮ ካሳነሽ ይህ ሁሉ ፍጥረት በሞዴል 19 ገቢ ሳይደረግ በንብረት ክፍሉ ማቀዝቀዣ ስድስት ዓመት መቀመጡን ዛሬ ገና መስማታቸው እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል። ስንት ተብሎ ይመዝገብ ሲሉም ጠይቀዋል። ጸሐፊው ትክክለኛው ቁጥር በሞዴሉ ሣጥን ውስጥ እንደማይገባ መልሷል። ከረጅም ውይይት በኋላ ብልቃጦቹ እንዲመዘገቡ፣ ነዋሪዎቻቸው ግን በእንግድነት እንዲታለፉ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ «ዘር» ስለሚለው ቃል

የጥናቱ ርዕስ «በባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ የሚደረግ የዘር ቆጠራ» ይላል። ሰብሳቢው በዚህ ዘመን በመንግሥት ደመወዝ ዘር ሲቆጥር የተገኘ ሰው ምን እንደሚባል ጸሐፊው ያውቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። አቶ ሙሐሲን ቆጠራው የማይቀር ከሆነ ከሁሉም ወገን የተውጣጡ ሽማግሌዎች እንዲገኙበት፣ ማንም ከማንም በላይ እንዳይቆጠር፣ ውጤቱም ሰው ሳይረጋጋ እንዳይነገር ሐሳብ አቅርበዋል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ዘር ማለት በሕዋስ ውስጥ በአራት ፊደል የተጻፈ መልእክት መሆኑን ለሦስተኛ ጊዜ አስረድቷል። ሦስተኛው በጩኸት እንደነበር ይመዝገብልኝ ባሉት በወ/ሮ ካሳነሽ ጥያቄ ተመዝግቧል።

ወ/ት ሳሮን እጃቸውን አውጥተው «ጋሼ፣ ጂኖም ብለው ቢጽፉት ኖሮ እኮ ማንም ሳይጠይቅ ያልፍ ነበር» ብለዋል። ጸሐፊው አምና በአማርኛ መጻፍ አቅቷቸው «ጂኖም» የሚሉ መምህራንን የሚወቅስ አራት ገጽ ማስታወሻ ለክፍሉ አባላት በሙሉ በትኗል። አንዱ ቅጂ የደረሰው ለወ/ት ሳሮን ነው።

ቃሉ በ«ጂኖም» ይተካ የሚለው ሐሳብ ድጋፍ እያገኘ ሳለ፣ አቶ ሙሐሲን ጂን የሚል ስም የተለጠፈበት ማቀዝቀዣ አጠገብ የግቢው ጥበቃ እንደማይደርስ አስጠንቅቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «ዘር» ያለ ምትክ እንዲወጣ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ «ባሕር» ስለሚለው ቃል

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። ሰብሳቢው ርዕሱን ደግመው ሲያነቡ ባሕር የፌዴራል ጉዳይ መሆኑን በማስታወሳቸው ተይዟል። አቶ ሙሐሲን በበኩላቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ቀይ ባሕርን ትቶ ህንድ ውቅያኖስ መሄዱ አቋም እንደሚያስመስልበት ጠቁመዋል። ጸሐፊው በመርከቧ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ስለነበር ምንም ዓይነት አቋም እንዳልነበረው አስረድቷል። ሰብሳቢው ኮሚቴው በባሕር በር ጉዳይ አቋም እንደሌለው ገልጸው፣ አቋም እንደሌለውም እንዳይመዘገብ አዘዋል።

ወ/ሮ ካሳነሽ ለጸሐፊው በማዘን መውጫ አግኝተዋል። ወንድማቸው ሬኮ ቀበሌ ባለ ቡና ማጠቢያ ይሠራሉ። የማጠቢያው ውሃም ውሃ ነው፤ ይሸታል፤ ስለዚህ ትንንሽ ነገር አይጠፋበትም። ጥናቱም የአካባቢውን ችግር የሚፈታ ይሆናል። ከአጭር ውይይት በኋላ ርዕሱ «በሬኮ የቡና ማጠቢያ ውሃ በሚገኙ ትንንሽ ነገሮች ላይ የሚደረግ ጥናት» እንዲባል፣ የናሙናዎቹም መገኛ እንዲሁ ሬኮ ተብሎ እንዲጻፍ ተወስኗል። ጸሐፊው ዝም ብሏል። ዝምታው በድጋፍ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 4፦ ደብዳቤውን መፈረም

ወ/ት ሳሮን ደብዳቤውን በአሥር ደቂቃ ጽፈው አመጡ። ሰብሳቢው ፈርመው ማህተም አሳረፉበት። የቀረው የጥናቱ ባለቤት ፊርማ ብቻ ነበር። ጸሐፊው ብዕር አንሥቶ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበ።

ሰብሳቢው «ገሪማ፣ ስድስት ዓመት የጠበቅከው ማህተም ይኸው። ፈርምና እንሂድ። ደብዳቤ ማን ያነባል?» አሉ።

ጸሐፊው «እኔ» አለ።

ወ/ት ሳሮን ዝቅ ባለ ድምፅ ይፈርሙና ማረሚያውን እኔ በኋላ ለቤተ ሙከራው እልካለሁ ብለዋል። በመጨረሻ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ የሚከተለውን ተናግሯል፦ «የባሕሩ ፍጥረት በዓለም መዝገብ ሬኮ ተብሎ ይገባል። ነገ አንዲት የሬኮ ልጅ የአገሯን ውሃ ብትመረምር፣ የእኔን ውሸት አምና የራሷን እውነት ስህተት ነው ብላ ትጥለዋለች።»

አቶ ሙሐሲን «ሰውዬው ትክክል ነው፤ ከእሱ ጋር ያለው ችግርም ይኸው ነው» ብለዋል።

አጀንዳ 5፦ በጸሐፊው የቀረበ

በአጀንዳ 1፣ 2፣ 3 እና 4 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ «ዘር» እና «ባሕር» ወደ ርዕሱ እንዲመለሱ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲቀደድ ጸሐፊው ጠይቋል። ወ/ሮ ካሳነሽ ሞዴል 19 ስለተሞላ ከሽረቱ ይውጣልኝ ቢሉም አልተፈቀደም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ብልቃጦቹ በሕግ ፊት ማቀዝቀዣው ውስጥ የሉም። ሰብሳቢው በቀድሞው ርዕስ ሌላ ደብዳቤ እንደማይፈርሙ ስላሳወቁም፣ ቤተ ሙከራው የሰጠው ተራ ነገ ያልፋል።

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ጸሐፊው በስድስት ዓመት ውስጥ ለኮሚቴው ካቀረባቸው ሐሳቦች ሁሉ ያለ ውይይት የጸደቀው ይህ ብቻ ነው።

የተበተነበት ሰዓት፦ 11፡25

ጸሐፊ፣ የጥናቱ ባለቤትና የሽረቱ ሐሳብ አቅራቢ፦ ዶ/ር ገሪማ (ፈርሟል)