ምቦክ ሱላትሪ ምንም አልበሉም

ምንም ሳይበላ የሚወፍር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። "እኛ ሰፈር የለም" የሚል ካለ ወይ ጎረቤቶቹን በደንብ አያውቅም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ቁርስ አይቀምሱም፣ ምሳ ይዘላሉ፣ እራት ሲቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ። ልብሳቸው ግን በየዓመቱ ከጎኑ ይተረተርና እንደገና ይሰፋል። ውሃ ያወፍራቸዋል። አየር ያወፍራቸዋል። ሌላው ሲበላ ማየት ብቻውን ያወፍራቸዋል።

በእኛ መንደር፣ እዚህ ምሥራቅ ባሊ ከተራራው ሥር፣ ይህን ወንበር ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ጎረቤቴ ክብርት ምቦክ ሱላትሪ ናቸው። "ምቦክ" የምንለው ታላቅ እህትን ነው፤ እሳቸው ግን የሚበልጧቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ ምቦክ የሚሏቸው ሴት ናቸው። ጠዋት በበራቸው ሳልፍ ለሰላምታዬ መልስ አይሰጡኝም። የሚሰጡኝ መግለጫ ነው።

"እንደምን አደሩ ምቦክ?"

"ሱዳርማ፣ ከትናንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።"

ማን ጠየቃቸው? ማንም። ለእኔ፣ ለፖስተኛው፣ መንገድ ጠፍቶበት አቅጣጫ ለሚጠይቅ ባለ ሞተር ሳይክል ሁሉ ያው መግለጫ ነው የሚሰጠው።

ቀልዱን ወደ ጎን እንተወውና ነገሩ የጉልበት ነገር ነበር። የከተማው ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና "ስምንት ኪሎ ካልቀነሱ ይህ ጉልበት ሸክም አይችልም" አላቸው። ሸክም ሲል የውሃ ባልዲ መስሎት ይሆናል። በመንደራችን ቤተ መቅደስ ዓመት በዓል ሴቶቹ መባውን በራሳቸው ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ፤ ፍራፍሬው፣ የሩዝ ኬኩ፣ የተጠበሰው ዶሮ እየተደራረበ ግንብ ያክላል። ምቦክ ሱላትሪ ከሌላ መንደር ተድረው ሲመጡ ለወራት ማንም በስማቸው አልጠራቸውም ነበር። አንድ በዓል ላይ አማታቸው የራሳቸውን መባ አንስተው በእሳቸው ራስ ላይ አስቀመጡት። "የዚህ ቤት ሰው የሆንኩት ያን ቀን ነው" ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ከፊተኛው ረድፍ ወርደው አያውቁም።

አሁን የመንደሩ ሴቶች በሹክሹክታ ተተኪ መፈለግ ጀምረዋል። አንዷማ ደፍራ "ምቦክ፣ ከአሮጊቶቹ ጋር ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የዘንባባ ቅጠል ቢሰፉስ?" ብላ ሞከረች።

"እሰፋለሁ" አሉ ምቦክ። "ያን ቀን ግን ለእኔም እንጨት ደርድሩልኝ፤ ከመባው ጋር አብራችሁ ታቃጥሉኛላችሁ።" እኛ አገር ሙት የሚሸኘው በእሳት ነው።

ስለዚህ ምግብ ቀነሱ። የጤና ጣቢያችን ነርስ ዊድያ መጠኑን ወሰነችላቸው፤ ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቀን ጎመንና ዓሣ ከጭብጥ ሩዝ ጋር፣ ማታ ፓፓያ። ይህን አንዲት ፍሬ ሳያዛንፉ ፈጸሙ። ምስክሩ ባላቸው ሙዲታ ናቸው፤ "ብሊ"፣ ታላቅ ወንድም፣ እንላቸዋለን። "እሷ ትክሳለች ተብሎ እኔ በረሃብ ላልቅ ነው" እያሉ አጥር ላይ ተደግፈው ያለቅሱልኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚዛኑ መርፌ ታዘዘች፤ ሦስት ኪሎ ወረደ። ከዚያ ቆመች። ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ፣ እንቁላሉ ያው አንድ እንቁላል ነው፣ መርፌዋ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አልል አለች።

ምቦክ መጀመሪያ የጠረጠሩት ሚዛኑን ነው። የፀጉር ሽቦዎቻቸውን አወለቁ፣ ተመዘኑ። አምባራቸውን አወለቁ፣ ተመዘኑ። ቀጥለው የጤና ጣቢያው ወለል ዘመም ያለ መሆኑን ደረሱበትና ዊድያን ሚዛኑን እያሸከሙ ክፍሉን ሁሉ አዞሯት። በመጨረሻ ነጋዴው የጎረቤት አሳማ ሊገዛ ሚዛኑን ግንድ ላይ ሲሰቅል ደረሱበት።

"ኢቡ፣ እመቤቴ፣ እኔ እኮ አሳማ ነው የምመዝነው" አለ ሰውየው እየተርበተበተ።

"አሳማው ምንድን ነው?"

"ሥጋ ነው።"

"እኔስ ጭድ ነኝ? መዝን!"

መዘነ። የአሳማው ሚዛን ከጤና ጣቢያው ሁለት ኪሎ አስበልጦ ቁጭ አለ። ያ ነጋዴ ዛሬም በመንደራችን ሲያልፍ የእሳቸውን ግቢ በሩቁ ነው የሚዞረው።

ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ ተመራማሪ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ "ድግምት ነው" አለ። ብሊ ሙዲታ "ውሃ ቋጥራ ነው" አሉ። ባለቤቴ ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና ሳትል "ትበላለች" አለች።

"የት? መቼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሆድና ግንባር አይሸሸግም።"

እኔ ደግሞ ነገር ከከነከነኝ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ቀን ገበያ ድረስ ተከተልኳቸው። የሙዝ ጥብስ ሻጯ ፊት ቆሙ፤ እኔም ከቅርጫቶቹ ጀርባ ቆምኩ። ሽታውን ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ አለፉ። ሳሙና ገዝተው ተመለሱ። አንዲት የተከበረች ሴት ሳሙና ስትገዛ ተደብቆ የሚሰልል ጎልማሳ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩት።

ዊድያም እንደኔው ነገሩ አላስቀምጥ ብሏታል። ሰውነት ቆጣቢ ነው አለችን፤ ምግብ ሲያንሰው ወጪውን ይቀንሳል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ እንቅስቃሴውን ያሳንሳል፣ ጨው ሲበዛም ውሃ ይይዛል። እያንዳንዱን አንድ በአንድ ሞከረችው። ጨው አስቀነሰቻቸው። በየማለዳው ወንዝ ድረስ አስሄደቻቸው፤ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ መግለጫ እየሰጡ ሄደው ተመለሱ። መርፌዋ ወይ ፍንክች።

"ቆይ፣ በትክክል መቼ ነው የቆመው?" ብላ ጠየቀች አንድ ቀን።

ብሊ ሙዲታ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። "ከአርያኒ ሠርግ ወዲህ።"

አርያኒ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። "በቃ፣ የሠርጉ ድግስ ነዋ!" ብለን ሁላችንም እጃችንን አጨበጨብን። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። የሠርግ ድግስ ቢበዛ ሳምንት ነው። ይኸው ስንተኛ ወሩ!

ሙሉ ጨረቃ በዋለች ማግስት የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ገባሁ። ምቦክ ከቤታቸው መቅደስ መባውን አውርደው፣ ሰፋ ያለውን ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ደጅ ካለው መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"እንደምን አደሩ ምቦክ?"

"እህል በአፌ አልዞረም" አሉ፣ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ።

ትሪውን አየሁ። የሙዝ ልጣጭ፣ የዶሮ አጥንት፣ ግማሽ የተገመጠ በኮኮናትና በዘንባባ ስኳር የተለወሰ የሩዝ ኬክ።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"የያዙት።"

የሰው እጅ ይመስል እጃቸውን አዩት። "ይሄ? ይሄማ ሱሩዳን ነው!"

ሱሩዳን ከመቅደስ የሚወርደው ነው። አማልክት ከመባው የሚፈልጉትን ከወሰዱ በኋላ የቀረውን ቤተሰብ በረከት ብሎ ይካፈለዋል። እኔም ጥርስ ካወጣሁ ጀምሮ ስበላው ኖሬያለሁ። ምግብ አይደለም ብሎ የሚያምን ሰው ግን ያን ጠዋት ገና ማየቴ ነበር።

"አማልክት እኮ በልተውታል" አሉኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው። "ነፍሱን ወስደውታል። የቀረው ገለባ ነው። ገለባ ያወፍራል እንዴ?"

"ገለባው ግን ይጣፍጣል?"

"በረከት ስለሆነ ነዋ!"

ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ስከራከር የኖርኩ ሰው አጋዥ ፍለጋ ተነሳሁ። ሄጄ ዊድያን ጠራኋት። መጥታ ትሪው አጠገብ ቆመች። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ስትታመም እናቷ የምታጎርሳት ይህንኑ ነበር። ጣቷን ወደ ኬኩ ቀሰረች።

"ኢቡ፣ አማልክት ምኑን እንደሚወስዱ አላውቅም። ስኳሩን ግን ትተውት እንደሚሄዱ ጤና ጣቢያ በየቀኑ አያለሁ።"

"ሲበሉ ቆመሽ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው!"

ዊድያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወደ መሰላሉ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ነው እንዲያው ማወቅ ፈልጌ የጠየቅኳቸው። "ምቦክ፣ ድሮም ይህን ሁሉ እርስዎ ነበሩ የሚበሉት?"

ሳቁ። "ድሮማ! አንዲት ሙዝ ከደረሰችኝ እድለኛ ነኝ። ዶሮው የትልቁ ልጄ ነው፣ ማንም አይነካበትም። ብስኩቱን መካከለኛው ገና ሳላወርደው ይሰርቀዋል፣ አማልክትን ሳይቀር የሚቀድም ሌባ ነበር። ይሄን የሩዝ ኬክ አርያኒ ጣቷን እስክትልስ ነው። ትሪው ባዶውን ነበር ወደ ወጥ ቤት የሚመለሰው።"

ኬኩን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩት።

"መቅደሱ እኮ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ መባ አይቀንስልኝም። ያው ነው የምሠራው። ትልቁ ዴንፓሳር ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው። መካከለኛው መርከብ ላይ ነው፣ የትኛው ባሕር ላይ እንዳለም አላውቅ። አርያኒ ነበረች፣ እሷም ተዳረች። አሁን የሌላ ቤት በረከት ነው የምትበላው። ሙዲታ ስኳር አለበት። ትራፊ የሚበላውን አሳማችንንም ሸጥነው። ታዲያ ምን ላድርግ? አማልክት የቀመሱትን፣ የልጆቼን ድርሻ ልድፋው?"

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ምቦክ ሱላትሪ በራሳቸው ስም አንድ እንቁላል ይበላሉ፤ በልጆቻቸው ስም ደግሞ የሦስት ልጅ ቁርስ። መርፌዋ የቆመችው ትሪውን የሚካፈል የመጨረሻው ሰው ከቤት የወጣ ጊዜ ነው። ገበያ ድረስ የተከተልኳት ሴት ይህችው ናት። አፈርኩ።

ምክር መስጠት አልችልበትም። መደቡ ላይ ወጣሁና ከጎናቸው ተቀምጬ ኬኩን ከእጃቸው ወሰድኩ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ቁርስ አልበላሁም" አልኩ። በልቼ ነበር፤ ጠግቤ ነበር የወጣሁት።

ከዚያ በኋላ መባ በወረደ ቁጥር አጥሩን ዞሬ እሄዳለሁ። ሙሉ ጨረቃ አለ፣ ጨለማው ጨረቃ አለ፣ በመሀል ደግሞ የዛፉ ቀን፣ የከብቱ ቀን፣ የብረቱ ቀን። እኛ አገር በዓል የሌለበት ቀን ነው ተፈልጎ የሚገኘው። ዊድያም አንዳንድ ማለዳ ብቅ ትልና "ለምርመራ" እያለች የዶሮውን ጭን ይዛ ትሄዳለች። መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። የእኔም ተንቀሳቀሰች፤ ባለቤቴ ሱሪዬን ስታሰፋ ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

በዓሉ ሲደርስ ስምንቱ ኪሎ አልሞላም፤ አምስት ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "እሱ ይነቅንቅ፣ እኔ አልነቃነቅም" ብለው ምቦክ መባቸውን አስነሱ። ያን ወራት ሁሉ ተርበው ያወረዱት ኪሎ ተመልሶ፣ ጭማሪ ይዞ፣ አናታቸው ላይ ወጣ። ደረጃው መሀል ላይ ጉልበታቸው እምቢ አለና ቆሙ። ከኋላቸው ያለው ረድፍ ሁሉ፣ ያ ሁሉ ግንብ በየራሱ ላይ እንደተሸከመ፣ በፀሐይ ቆመ። አንዲትም ሴት በጎን አላለፈችም። ተተኪ ስትፈልግ የከረመችው ራሷ ከታች "ምቦክ፣ ቀስ ብለው! አማልክቱ የትም አይሄዱም!" ብላ ጮኸች።

ወጡ። ላይ ደርሰው መባውን ከራሳቸው ስናወርድላቸው ፊታቸው ረጥቦ ነበር። "ላብ ነው" አሉ። ሰው ላይ መቀለድ እንጀራዬ የሆነው እኔ አንዲት ቀልድ አልመጣልኝ አለ። እንደዚያ ቀን ማንንም ወድጄ አላውቅም።

ትልቁ ልጅ መጥቶ ነበር፤ አርያኒም ከባሏ ጋር እንግዳ ሆና መጥታ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሁለቱም ሄዱ። እኔም ያን ጠዋት ላለመሄድ ወስኜ ነበር። የበዓሉ ምግብ ገና ከደረቴ አልወረደም፣ ሱሪዬ የሚሰፋበት ጨርቅ አልቋል፣ ምቦክም የፈለጉትን ተሸክመው ወጥተዋል፤ ከእንግዲህ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? በአጥሩ ላይ ግን ዓይኔን ወርወር አደረግሁ። ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ምንም አልነኩም።

ዞሬ ገባሁ። ጠጋ አሉልኝ፣ የሙዝ ቅጠል ቀደው አነጠፉ፣ የሩዝ ኬኩን አስቀመጡበት።

"ጠግቤያለሁ እኮ ምቦክ፣ የትናንቱ ራሱ ገና..."

"ብላ" አሉኝ፣ ወደ ግቢው በር እያዩ። "ይሄ የአርያኒ ነው።"

በላሁ።