የግማሽ በግ ክርስትና

በየሰፈሩ አንድ ሊቀ ቁጠባ አይጠፋም። እድር ያለ ዳኛ፣ ቀበሌ ያለ ስብሰባ እንደማይውል ሁሉ ሰፈርም ያለ ቆጣቢ አባወራ አይቆምም። ከስስታም ጋር ግን እንዳናምታታው። ስስታም ለራሱ ይቆጥባል፤ ሊቀ ቁጠባ ከራሱ ላይ ይቆጥባል። ሁለቱን ከሩቅ ያየ ሰው አይለያቸውም፤ ሚስት ሆኖ መኖር ይጠይቃል። ሚስትም ብትሆን ቶሎ አይገባትም። ባንቺአየሁ ላይ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶባታል።

ባሏ ደሞዝ ይባላል። አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት ደመወዝ የሚሉትን ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ ልጃቸው ያየው ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አየው። ከመንደር ወጥቶ ባሕር ዳር ገባ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ተቀጠረ፣ ዓባይ ማዶ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት አገኘ፣ አገባ። ከዚያ ወዲህ ያየውን ደመወዝ ከዓይኑ ላለማጣት የሚያደርገው ትግል ነው ይህ ታሪክ።

ከቤቱ ፋብሪካ ለመድረስ ድልድዩን መሻገር አለ። ጓድ ደሞዝ ጫማውን በብብቱ ሸጉጦ ይጓዛል፤ የፋብሪካው በር ሃያ እርምጃ ሲቀረው ቁጭ ብሎ እግሩን ይጠርግና ያደርገዋል። አንድ ቀን የድልድዩ ዘበኛ አስቆመው።

«ጓድ፣ ጫማህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ። ፈረቃው አልደረሰም» አለውና አለፈ።

ክብሪት በቤቱ ነበረ፤ ሲጫር ግን ያየ ሰው የለም። ማለዳ ተነሥቶ ደጅ ይቆምና ከየትኛው ጣሪያ ጭስ ቀድሞ እንደወጣ ያያል። «ባንቺ፣ እነክንዱ አንድደዋል፤ እሳት ጫሪ» ይላታል። ስኳር በራሽን በሚታደልበት በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ደግሞ ሰው ሁሉ ወረፋውን በድንጋይ ነበር የሚይዘው። የሌላው ድንጋይ ስኳሩ ሲያልቅ ይነሣል፤ የደሞዝ ድንጋይ ግን ስሙ በከሰል ተጽፎበት ዓመቱን ሙሉ እዚያው ከፊት ትቀመጣለች። ከቀበሌው ሰዎች አንዱ፣ «ከባለቤቷ ይልቅ እሷ ናት ለቀበሌው ታማኝ» ብሎ እንደነበር ይወራል። ደሞዝን ያሸነፈው መዋጮ ብቻ ነበር። ለበዓሉ፣ ለዘመቻው፣ ለአዳራሹ ሲባል ከሁሉ ጋር እጁን ያወጣል፤ ያ ቀን ሲመሽ ራቱን ሳይበላ ይተኛል።

ጾም ይወዳል። የታወጁትን ሰባቱን ጾሞ ሲጨርስ የፈቃዱን ጽጌን ይጨምራል። የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ሐዋርያት አንድ ቀን ጠበል ሊረጩ መጥተው አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ «ልጄ፣ ጾም ለነፍስ ነው። ለኪስ የተጾመ እንደሆነ ዋጋውም እዚያው ኪስ ውስጥ ይቀራል» አሉት።

«አባቴ፣ ለሁለቱም ቢሆንስ?»

መምሬ መስቀላቸውን እያሳለሙት፣ «መላ አታጣም» አሉ።

እውነትም አያጣም። «መላ አለው» የዘወትር ቃሉ ነው። ሳሙናው ሲሳሳ ከአዲሱ ጋር ማጣበቅ መላ አለው። የሸሚዙ ኮሌታ ሲነትብ ፈቶ መገልበጥ መላ አለው። ባንቺአየሁ ይህን ሁሉ እየሳቀች ችላው ነበር። ያስጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ።

እማማ አገርነሽ የመራዊ ገበሬ ናቸው፤ የሚናገሩት ጥቂት ነው፣ የተናገሩትን ግን አይረሱም። በሠርጉ ማግስት ልጃቸውን ለብቻዋ ወስደው፣ «ይህ ሰውዬ ጨው በቁንጥጫ የሚቆጥር ይመስለኛል። ሰው ቆጣቢ ይሁን ስስታም የሚለየው ድግስ የመጣለት ቀን ነው። ልጅ ስትወልጂ አየዋለሁ» ብለዋት ነበር። ባንቺአየሁ ያን ቃል እንደ እሾህ ይዛዋለች። እናቷ ተሳስተው ማየት ትፈልግ ነበር። ምናልባት ልክ እንዳይሆኑ ደግሞ ትፈራ ነበር።

ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ደሞዝ መጀመሪያ አማተበ፤ ቀጥሎ ጣቱን ቆጠረ።

«ወንድ ቢሆን ኖሮ በአርባ ቀን ክርስትና ይድረስ በተባልን ነበር። ሴት ናትና ሰማንያ ቀን አለን። ልጄ ገና ስትመጣ አርባ ቀን ይዛልን መጣች።»

እማማ አገርነሽ አዝመራ ላይ ስለነበሩ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ አልቻሉም፤ ለክርስትናው እመጣለሁ ብለው ላኩ። ባንቺአየሁን ያረሰቻት ጎረቤቷ እሌኒ ናት፤ የክንዱ ሚስት። ክንዱ ከደሞዝ ጋር እዚያው ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ነው የሚሠራው። እሌኒ ራሷ ከባድ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በሩን እየገባ፣ ጠዋትና ማታ ገንፎ ይዛ ትመጣ ነበር። በሰባተኛው ቀን ደሞዝ ያን ሆድ ትክ ብሎ አየው።

«እሌኒ፣ ቀንሽ መቼ ነው?»

«ከገና ሳምንት ቢቀድም ነው ብለውኛል።»

«ወንድ ነው?»

«ምነው፣ እኔ እግዜር ነኝ?»

«ሾጠጥ ብሏል። ወንድ ነው» አለና ወጣ።

ሊቀ ቁጠባ ያሰበው እንዲህ ነው። ሴት በሰማንያ፣ ወንድ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። እሌኒ ታኅሣሥ 22 ወንድ ብትወልድ ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ቀን፣ የካቲት አንድ፣ ክርስትና ይነሣሉ። አንድ ቀን ማለት አንድ በግ፣ አንድ ጥንስስ፣ አንድ ዳስ ነው። ደግሞም ሁለቱ ቤት የሚጠሩት እንግዳ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ሊበላ የነበረው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይበላል። ይህን ሲያስብ ፊቱ በራ፤ ባንቺአየሁ በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲያ ሲበራ አላየችውም።

ክንዱ ሳቂታ ሰው ነው። «ታዲያ ሚስቴን ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ውለጂ ልበላት?»

«አትበላት። ብቻ ቀድማ እንዳትወልድ ከባድ አታስነሣት። ከሃያ ሁለት ካለፈ ደግሞ ትንሽ ትንቀሳቀስ።»

ባንቺአየሁ ግን አልሳቀችም። «ልጄ የራሷ ቀን የላትም?»

«ቀኑ የሷ ነው። የጋራው በጉ ብቻ ነው።»

«እናቴ ከመራዊ ድረስ መጥታ ግማሽ በግ ትይ?»

«ግማሽ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? በጉ ሲያዩት ሙሉ ነው።»

በጉ ለገና ሳይወደድ ከሰባታሚት ገበያ ተገዛና ክንዱ ጓሮ ታሰረ። ደሞዝ ወዲያው ድርሻ ማካፈል ጀመረ።

«ፊተኛው የኔ፣ ኋለኛው ያንተ።»

«እሺ» አለ ክንዱ። «እንግዲህ አፉ ያንተ ነው፤ ሣሩን አንተ አምጣ።»

«እንዲያ ከሆነ ኋለኛውን ልውሰድ።»

«ውሰድ፤ ጽዳቱ ያንተ ነው።»

ደሞዝ አፉን መረጠ። ከፈረቃ ሲወጣ ወደ ጣና ዳር እየወረደ በነጻ የበቀለውን ሣር እያጨደ ይመለሳል። በጉ በአንድ ወር ውስጥ ከባለቤቶቹ ሁሉ በላይ ሰባ።

ታኅሣሥ 22 ጠዋት እሌኒን ምጥ ያዛት። ክንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጸልያል፤ ደሞዝ ግቢውን ይመላለሳል። የማያውቅ ሰው ቢያይ አባትዬው ደሞዝ ነው ይላል። ረፋድ ላይ እልልታ ተሰማ። ልክ በቀኑ ነበር። ደሞዝ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። አዋላጇ ብቅ አሉና፣ «ሴት ናት» አሉ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ ደሞዝ። ከልቡም ነበር። ግን ቤቱ ሲመለስ በሩን ስቶ ከግድግዳው ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ቀኑን መትቶታል፤ ጾታዋን ስቷል። የእሌኒ ልጅ ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው መጋቢት 11 ነው፤ ዐቢይ ጾም መሀል፣ በግ በማይታሰብበት ጊዜ። ክንዱ የማይታረድ ግማሽ በግ ተረፈው።

ባንቺአየሁ በልቧ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች፤ እሌኒ ብዙ ደም ፈስሷት ደክማ ነበርና። ጤና ጣቢያ ወስደዋት፣ «ደም አንሷታል፤ የሚያጠነክር ትብላ» ተብላ ተመለሰች። ከሁለት ቀን በኋላ ክንዱ ወደ አጥሩ ቀረበ። እንደ ልማዱ አልሳቀም።

«ደሞዝ፣ በጉን እንሽጠውና ግማሼን ስጠኝ። ለእሌኒ ቅቤ እንኳ ልግዛበት።»

«ላስብበት» አለ ደሞዝ።

ምን እንደሚያስብ ባንቺአየሁ አላጣችውም። ለገና አምስት ቀን ቀርቷል፤ የበግ ዋጋ በየቀኑ ይጨምራል፤ በነጻ ሣር የሰባ በግ በዋዜማው ሲሸጥ ትርፉ ብዙ ነው። ግማሹን ለክንዱ ይሰጣል፣ በቀረው ለክርስትናው ትንሽ በግ ይገዛል፣ የሚተርፍም አለ። ለአንድ ሊቀ ቁጠባ ከዚህ የበለጠ በዓል አይኖርም። ዋዜማው ግን መጣና ሄደ፤ በጉ ከጓሮው አልወጣም።

የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ ቢላ ሲሞርድ አገኘችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ለእሌኒ ላርድላት።»

«ግማሹን?»

«በግ በግማሽ አይታረድም። ግማሹ ቆሞ ግማሹ አይበላም» አለ፤ ቢላውን ትቶ ቀና አላለም። «ደግሞም የሣሩ ድካም ይቀርልኛል።»

«የኔስ ልጅ? እናቴስ መጥታ ምን ትበላ?»

«አንቺ አራስ ቤት ሳለሽ እሌኒ ያን ሆድ ይዛ ገንፎ ታመላልስ ነበር። ለክርስትናው መላ አለው፤ ሐይቁ አለ።»

ለክንዱ ሥጋውን ከነቆዳው ሲያስረክብ፣ «ለኔ ከገና በኋላ በግ ይረክሳል፤ አትጨነቅ» አለው። በግ ከገና በኋላ ቢረክስም ደሞዝ የሚገዛበት እንዳልነበረው ባንቺአየሁ ታውቃለች። ሰውዬው ያደረገው ደግነት መሆኑንም ታውቃለች። ብትናደድም መቶ ጊዜ ልክ ናት፤ ሥጋውን ሌላ ሰው ይበላዋል፣ ነቀፋው ግን በእናቷ ፊት በእሷ ላይ ነው የሚወርደው። ሳምንት ሙሉ «እህል ቀርቧል» ከማለት በቀር አላናገረችውም።

የካቲት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው እማማ አገርነሽ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ከመራዊ በአውቶቡስ መጡ። ሕፃኗን ሳሙ፤ ከዚያ ግቢውን ዞሩ።

«በጉ የት ነው?»

«ደሞዝን ጠይቂው» አለች ባንቺአየሁ። ለባሏ አልተሟገተችም።

«እማማ፣ በግ የለም» አለ ደሞዝ። «ዓሣ ነው።»

እማማ አገርነሽ ልጃቸውን አዩዋት። በሠርጉ ማግስት የተናገሩት ይበቃል።

በማግስቱ ሕፃኗ ተጠምቃ ወለተ ሚካኤል ተባለች። ደሞዝ ማለዳ ታንኳ ከሚመለስበት ዳር አንድ ጆንያ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ ነበር፤ ገሚሱ ተጠበሰ፣ ገሚሱ ወጥ ሆነ። እንግዳው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳህኑን ሲያይ ማጉረምረም ተጀመረ። «ለክርስትና ዓሣ?» አለ አንዱ የጎኑን ሰው እየጎሸመ።

መምሬ ወልደ ሐዋርያት እጃቸውን እየታጠቡ ሰምተው ኖሯል። «ጌታችን አምስት ሺሕ ሰው ሲያበላ በግ አላረደም። ሁለት ዓሣ ነበር፤ አሥራ ሁለት መሶብ ተረፈ።»

«አሥራ ሁለት?» አለ ደሞዝ፤ እንደ አዲስ ወሬ ነበር የሰማው።

ዳሱ ሳቀ። ባንቺአየሁ ግን ዓይኗ እናቷን ይፈልጋል። እማማ አገርነሽ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ «አራሷን ማርያም ማረችሽ ልበላት» ብለው እነክንዱ ቤት ገብተው ቆይተዋል። ሲወጡ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ቀስ ብለው ነው የመጡት። ልጃቸው አጠገብ ቆሙ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተቆጥቼ ነበራ።»

«እሷ ግን ነገረችኝ። ቆዳውን እንኳ ሳያስቀር በጉን ሰጠን ብላ አለቀሰችብኝ» አሉና ገብተው ከደሞዝ ጎን ተቀመጡ። ሳህናቸውን ወደ እሱ ገፉት። «ልጄ ደሞዝ፣ ዓይኔ እሾህ መልቀም አልቻለም። አንተ ልቀምልኝ።»

ደሞዝ አንድም እሾህ ሳያስቀር ለቀመላቸው። በልተው ሲጨርሱ እማማ አገርነሽ ተነሡ።

«ለልጅ ልጄ አንዲት ጊደር ሰጥቻለሁ። ነገ አስነድቼ እልካታለሁ።»

እንግዳው መረቀ። ደሞዝ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ቀና ሲል ግን ባንቺአየሁ የምታውቀው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር።

«እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ ጊደሯ እዚያው እርስዎ ዘንድ ብትቀመጥስ? ሣሩ ሞልቷል፤ እረኛም አለ። ስትወልድ ጥጃዋን እያየን…»

ክንዱ ነው መጀመሪያ በሳቅ የፈረሰው። እማማ አገርነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሁልጊዜ ነው፣ እናቴ» አለች ባንቺአየሁ።

ቀድሞ ቢሆን ፊቷን በነጠላዋ በሸፈነች። አሁን ሕፃኗን እናቷን አሳቀፈቻቸውና ወደ ምድጃው ሄደች። ለሰው ሁሉ ሲያቀርብ የዋለው ባሏ እስካሁን አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ከድስቱ ትልቁን ዓሣ አወጣች፤ «ለነገ ይቆይ» ብሎ ክርክር ሳይጀምር ቆርሳ አጎረሰችው።