በነፍስ አድን ሰደርያ ላይ የተጠለፈ ስም

ሰው የሚለብሰውን ነገር ገልብጦ አያይም። ይህን የምላችሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ልብስ ስገለብጥ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝና እመኑኝ። ደንበኛ ይመጣል፣ መስታወት ፊት ይቆማል፣ ደረቱን ይነፋል፣ «ከኋላስ እንዴት ነው?» እያለ አንገቱ እስኪያመው ይጠማዘዛል። ገበሩ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሊፈትነኝ የመጣ ሌላ ልብስ ሰፊ ነበር። ውጭው ካማረልን ውስጡን በእምነት እንቀበላለን። እምነት ደግሞ መልካም ነገር ነው፤ ባሕር ላይ ካልሆነ።

የምኖረው ጅቡቲ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኞችን የደንብ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ከእሱ የወረስኩት የስፌት መኪናውንና ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፈቅ ብላ ያለችውን ጠባብ ሱቅ ነው። የማወራችሁ ነገር የሆነው አሮጌው ባቡር ማፏጨቱን ትቶ፣ አዲሱ ይመጣል እየተባለ በሚወራበት ጊዜ ነው። በሙያዬ ትሕትና የለኝም። የኔ ጥልፍ ሲታጠብ አይላላም፣ ሲጎተት አይበጠስም። «ታደሰ የሰፋውን ታደሰ ራሱ አይፈታውም» ይባላል ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ውስጥ። ማን ነው የሚለው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔ ነኝ።

አንድ ረቡዕ ዘነበች መጣች። ዘነበች ፈረንጆች ቤት ተቀምጣ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆቻቸውን የምትጠብቅ የወሎ ልጅ ናት። ቤተሰቡ ትንሽ ጀልባ አለው። አርብ አርብ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ባሉበት እሷም አለችና አብራ ትሄዳለች። ዋና አትችልም። ጅቡቲ እስክትመጣ ድረስ ከባሕር ጋር የነበራት ትውውቅ በጨው በኩል ብቻ ነበር።

በፌስታል አምስት ቀያይ ሰደርያዎች ይዛለች። ጀልባ ላይ የሚለበሱ ነፍስ አድን ናቸው አለችኝ።

«ማዳም ስም ጻፊባቸው ብላ እስክሪብቶ ሰጥታኝ ነበር፣ ጋሽ ታደሰ። ልጆቹ የኔ ነው የኔ ነው እያሉ ይጣላሉ። ግን ጨርቅ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል እንዴ? አንድ ቀን ውሃ ሲነካው ይለቃል። እርስዎ በክር ይጥለፉልኝ፤ ላስደስታት ብዬ ነው።»

እስክሪብቶውን ንቄ ወደ ጎን አደረግኩት። ደግሞ ልብ በሉ፣ ገልብጦ አያይም ብዬ ሰው የማማው እኔ ገልብጬ አይቻለሁ። ከጨርቁ ሥር የታጠፈ ጎማ መሳይ ነገር አለ፤ ውሃ እንዳያስገባ የገባ ገበር ነው አልኩ። በአንድ በኩል አውራ ጣት የምታህል የብረት ጠርሙስ አለች፤ ከሥሯ የወጣው ገመድ በደንብ ተቋጥሯል። ነፍስ አድን ሲባል እኔ የማውቀው ወፍራሙን፣ ስፖንጅ የጠቀጠቁበትን ነበር፤ ይሄ ግን ስስ ነው። የፈረንጅ ጥበብ ነው ብዬ አለፍኩት። ጠርሙሷን ግን በጣም ተጠንቅቄላታለሁ። መርፌዬ እንዳይሰበር።

ከዚያ ጠለፍኩ። በድርብ ክር፣ ጠበቅ አድርጌ፣ ጨርቁንም ጎማውንም አንድ ላይ እየበሳሁ። ሐሙስ ከሰዓት የአራቱን ፈረንጆች አደረስኩላት። የራሷ ቀርቶ ነበር።

«የኔ ይቆይ፣ ነገ ያለሱም እሄዳለሁ። አንድ ቀን ምን ይላል» አለች።

ምን ይላል አልኩ እኔም።

አርብ ጠዋት የዘነበችን ስም ጨርሼ ክሩን ስበጥስ ሐማዱ ገባ። ሐማዱ አርሂባ ሰፈር የሚኖር አፋር ነው፤ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ሰው በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ሲያመላልስ የኖረ፣ አማርኛውን ከኛ ከባቡር ሰፈር ልጆች የተማረ ሽማግሌ። የተቀደደ ሸራ ሊያሰፋ ነበር የመጣው። ሰደርያውን መኪናው ላይ ሲያይ ሸራውን መሬት ላይ ጣለው።

«ይሄን ማን ወጋው?»

«ምን ማለትህ ነው? የጠለፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

የገመዱን ቋጠሮ በጥርሱ ፈታና ሳብ አደረገው።

ጧ!

ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ቀና ስል ያ ስስ ሰደርያ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቷል። ወዲያው መርፌዬ ካለፈበት ሁሉ፣ ከ«ዘ» ጀምሮ እስከ «ች» ድረስ፣ አየሩ እየፏጨ ይወጣ ጀመር። እኔ ቆሜ አቧራዬን እስካራግፍ ተሟሽሾ ተኛ።

«ሰውን የሚያንሳፍፈው እኮ ገመዱ ሲሳብ ከጠርሙሷ የሚወጣው ይሄ አየር ነው። ወላሂ ታደሰ፣ አንተ ሳንባ ነው የሰፋኸው!» አለ ሐማዱ።

ደነገጥኩ ማለት ትንሽ ነው። ሁለቱ ልጆች ታዩኝ። ያለ ምንም የሄደችው ዘነበች ታየችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤ እኔ ግን የወጋሁትን አንድ በአንድ አስታወስኩት፣ ፊደል በፊደል። ሱቁን ሳልዘጋ ሐማዱን ታክሲ ውስጥ ከትቼ ጀልባዎች ወደሚታሰሩበት ወደ ኤስካል በረርን።

ባሕሩ ለጥ ብሎ ያብረቀርቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ሙሴው፣ የማዳም ባል፣ ገመድ እየፈታ ነው፣ ልጆቹ ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ከዘነበች ጋር ተቀምጠዋል። «ቁሙ!» እያልኩ በሦስት ቋንቋ ጮህኩ። ማዳም ስታየኝ ፊቷ በራ።

«ሙሴ ታደሰ! ትሬ ዦሊ!» አለችኝ ጥልፉን እያሳየች፤ በጣም ያምራል ማለቷ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ምስጋና በዚያች ሰዓት መጣ፤ ጆሮዬ ላይ እንደ ስድብ አረፈ።

በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ተናዘዝኩ። ሙሴው መጀመሪያ ሳቀ። ለማረጋገጥ የራሱን ገመድ ሳበ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ። ምንም። የማዳምን ሳበ፤ ዝም። ሐማዱ ጀልባው ላይ ዘሎ ወጣና የአራቱንም ጠርሙስ እያዞረ ነቀለ። ሦስቱ በዝገት ተበልተዋል፤ የትንሿ ልጅ ከድሮም ባዶ ነበር። ከተገዙ ጀምሮ አንድም ቀን ተከፍተው አልታዩም። ከአምስቱ ደኅና የነበረችው የዘነበች ብቻ ናት፤ ሥራ ስትጀምር ለእሷ አዲስ የተገዛች። እሷን ደግሞ እኔ ወጋኋት፣ ሐማዱ አፈነዳት።

መዋሸት ምን ያደርግልኛል፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጥፋቱ የኔ ብቻ አልነበረማ! ቀጥሎ ትንሿ ልጅ በዚያ ባዶ ሰደርያ ላይ ስሟን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ አየሁና አንገቴን ደፋሁ። መርፌዬ ባይኖርም እነዚህ ልጆች ስንት አርብ በጨርቅ ብቻ ባሕር ተሻግረዋል? ማዳም ሁለቱንም ጎትታ አወረደቻቸው። ሙሴው ሞተሩን አጠፋ፤ ማንም ማንን እንደሚቆጣ አላወቀም።

ዘነበች ግን ዓይኗን ከሙሴው እጅ፣ ከዚያ ከተሳበው ገመድ ላይ አልነቀለችም። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ገመዱ የሚሳብ ነው እንዴ?»

«አልነገሩሽም?»

«ማን ይነግረኛል? ልበሺ አሉኝ፣ ለበስኩ። እኔ መልበሱ ራሱ የሚያድን መስሎኝ…» ወደ ልጆቹ ዞር አለች። «እንዳይንዘላዘል ብዬ ሁልጊዜ እቋጥረዋለሁ። የልጆቹንም እኮ የምቋጥርላቸው እኔ ነኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየአርቡ፣ ጠበቅ አድርጋ። እንደ እኔ በሙያዋ የምትኮራ ልጅ ናት።

በማግስቱ ስፖንጅ የተጠቀጠቀባቸው አምስት ወፋፍራም ሰደርያዎች ተገዙ። ዘነበች ይዛቸው ስትመጣ እስክሪብቶዋን መለስኩላት። የተወጋው የእሷ ሰደርያ እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ ቀረ። ጥልፉ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አሁንም ያምራል። ባለፈው አንድ ጎረምሳ አዲስ ጃኬት ይዞ መጣና ወደ ግድግዳው እያመለከተ «ልክ እንደዚያ አድርገህ ስሜን ጥለፍልኝ» አለኝ።

«ጃኬቱ ምን ያደርጋል?» ስል ጠየቅኩት።

እንደ እብድ አየኝ። «ይለበሳላ!» አለ።

«እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር» አልኩና ገልብጬ ማየት ጀመርኩ።