ጡረታ የወጣው የሳነቴ መንገድ

ባለፈው ሐሙስ ሊነጋ ሲል ሕልም አየሁ። በሕልሜ ጎባ ላይ በረዶ ጥሎ ነበር። በረዶ ስል በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ማለቴ አይደለም፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ ዝም ብሎ የሚወርደውን፣ በቴሌቪዥን የምናየውን ነው። ከተማው በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ማንም ግን አልገረመውም።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ማንደፍሮ እባላለሁ። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ አምባ ላይ አድርጎ ዶሎ መና የሚወርደውን የጠጠር መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት በግሬደር ስደለድል ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ እሷም በዚያው ዓመት ወጣች። አስም አለባት። የብርዱን ወራት በየዓመቱ ቆላ ወርዳ ብታሳልፍ እንደሚሻላት ሐኪሙ ከነገራት ይኸው ሦስተኛው በጋ ሊያልፍ ነው። ዶሎ መና የሚኖረው የድሮ ባልደረባዬ ከድር፣ ማንጎ ካለበት ጓሮው ሁለት ክፍል ለቅቆልን ይጠብቀናል። እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ሳይጠገን አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ነጭ ሽንኩርቱ ሳይነቀል አልኩ። ዘንድሮ ምክንያት ስላጣሁ እስቲ እናያለን አልኩ። ረቡዕ እራት ላይ እንደገና ስትጠይቀኝ ጥር ማለቁን፣ አንድ ወር ለማይሞላ ብርድ ተብሎ ቤት እንደማይዘጋ አስረዳኋት። ሳህኑን አነሳችና ሄደች።

እና በሕልሜ የግቢዬን በር ስከፍት የጡረታ ቢሮ ሠራተኞች በሙሉ ተሰልፈው ቆመዋል። ሰልፉ ከደጃፌ ተነስቶ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ይታጠፋል። ሁሉም ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይዘዋል። አንዳንዶቹ በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው ፀሐይ ሊሞቁ ሄደዋል። እኔ ወንበሬን አውጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩ ሁሉ ተገቢ ሆኖ ታየኝ።

የመጀመሪያው ሠራተኛ ከነከረባቱ ጎንበስ ብሎ ፋይሉን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ሲመላለስ አራተኛ ጊዜው እንደሆነ፣ ከሩቅ እንደመጣ፣ ልጆች እንዳሉት ነገረኝ። ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረግኩና ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ነገ ተመለስ አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች፤ ቅጽ ይዛለች። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «የጡረታ ዘመን ብርድዎን የት ያሳልፋሉ?» ለመልሱ የተተወው ቦታ የአልጋ አንሶላ ያህል ይሰፋል።

«እስቲ እናያለን ብለሽ ሙዪው» አልኳት።

«ጋሼ፣ የቦታ ስም ነው የሚሞላው» አለችኝ በትሕትና።

«እንግዲያው እንደዚያ የሚባል ቦታ ፈልጊያ።»

እሺ ብላ ልትፈልግ ሄደች።

በዚህ መሐል ጥሩወርቅ ከቤት ወጣች። የማድ ቤታችንን በር ነቅላ ለሁለት ሰንጥቃዋለች፤ ሁለቱን ረጃጅም ሳንቃዎች ከጫማዋ ሥር በእኔ ቀበቶዎች አስራቸዋለች። ስኪ የሚሉት መንሸራተቻ መሆኑ ነው። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኳት፤ ዶሎ መና አለች። አውቶቡስ አይሻልም ወይ አልኳት።

«መንገድ የለም» አለች። «ጡረታ ወጥቷል።»

ሱሪዬን በእጄ ይዤ እስከ ከተማው ዳር ሄድኩ። እውነትም መንገዱ ይጀምርበት የነበረው ቦታ ላይ አንድ ሰሌዳ ብቻ ተተክሏል። «ይህ መንገድ ለሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎ በክብር ተሰናብቷል። ሜዳ ለሜዳ ይሂዱ» ይላል። ቅር አለኝ። ለማንም ባይነገር ለእኔ መነገር ነበረበት። ዞር ስል ጥሩወርቅ አጠገቤ የለችም። ከአጥሩ ሁለት ጣውላ ፈልቅቄ እግሬ ላይ አሰርኩና ተከተልኳት።

እዚያ አገር ሸርተቴው ወደ ላይ ነበር። ዳገቱ ቀጥ ባለ ቁጥር ጣውላዎቹ ይፈጥናሉ። የሳነቴን አቀበት፣ ግሬደሩ እንኳ እያቃሰተ ይወጣው የነበረውን፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ተንሳፈፍኩበት። መንገድ በሌለበት መሄድ ግን ለእኔ ከባድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከመስመር እንዳይወጣ ጠርዝ ሳበጅ የኖርኩ ነኝ። እዚህ ጠርዝ የለም፣ ቦይ የለም፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ የለም። ያለው ከፊቴ የጥሩወርቅ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ቀጥ ያለ፣ የማያመነታ መስመር። በቤታችን ደረጃ ሦስት ጊዜ አርፋ የምትወጣዋ ሴት አንድም ቦታ አላረፈችም።

የፓርኩ በር ላይ ቀይ ቀበሮ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ፣ በአንገቱ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ሲያየኝ መነጽሩን አነሳና ሦስት እርምጃ ከማይሞላ ርቀት ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። ከዚያ ድምፅ ሳላሰማ እንድቆም፣ ጎብኚዎቹን እንዳላስደነግጥ ነገረኝ። ከኋላው ሌሎች ቀበሮዎች ፎቶ እያነሱኝ ነበር።

«ዕድሜ?»

«ስድሳ ሦስት።»

«ጡረተኛ፣ ደገኛ፣ ወንድ» እያለ መዘገበ። «ቁጥራችሁ እየቀነሰ ነው። በጥንድ ስትሆኑ ነው የምትተርፉት። ሴቷስ?»

«ቀድማኝ አልፋለች።»

መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጦ ፈለገ። ጥሩወርቅ ለብቻዋ እንደተመዘገበች፣ ባልሽስ ተብላ ስትጠየቅ እያሰበበት ነው ብላ እንዳለፈች ነገረኝ። ክፋት የለበትም ነገሩን ሲናገር። ጆሮዬ ላይ ቢጫ ምልክት ሰክቶ አሳለፈኝ።

አምባው ላይ ስወጣ ሙቀቱ አላስቆም አለኝ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ሰው ሁሉ በረዶው መሐል በካናቴራ ተቀምጦ በባርኔጣው ያራግባል። ከፍ ባልክ ቁጥር ይሞቅሃል፣ እንደዚያ ነው ሥርዓቱ። ፍልፈሎቹ ከጉድጓዳቸው ወጥተው እግራቸውን ዘርግተው ወሬ ይዘዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። በሜዳው ሙሉ እዚህም እዚያም የሰው ጭንቅላት ብቅ ይላል፣ ግራና ቀኝ ያይና ተመልሶ ይገባል። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ። የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው።

ከአንዱ ጉድጓድ አቶ ወንድይራድ ብቅ አለ። አለቃዬ ነበር፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የወጣው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይቶ ከባለቤቱ ከወይዘሮ አስካለ ጋር ሊኖር ነበር ሐሳቡ። እስኪ መስከረም ይጥባ፣ እስኪ የልጅቱ ሠርግ ይለፍ ሲል አስካለ ሞተችበት። ይኼኛው የሕልም ነገር አይደለም፣ እውነት ነው። ቀብሯ ላይ ነበርኩ።

በሕልሜ ግን ወንድይራድ ደስ ብሎታል። «ግባ ማንደፍሮ» አለኝ። «ሁለት ሰው ይይዛል። ብዙ አንቆይም፣ እስኪወሰን ነው።»

ጉድጓዱ ደስ የሚል ነበር። ገለባ ተጎዝጉዞበታል፣ ሬዲዮ አለ፣ ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አንድ እግሬን አስገባሁ። ሞቀኝ። ከጎኑ የተዘረጋ ነጠላ አየሁና የማን ቦታ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የአስካለ ነው» አለኝ። «ይዤላት ነው፣ ትመጣለች።»

መሞቷን መናገር ነውር መሰለኝ። እሱም የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው። ቀና ስል በረዶው በዝቶ የጥሩወርቅ ሁለት መስመር እየተሸፈነ ነበር። አንደኛው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው እንደ ክር ቀጥኗል። እግሬን ከጉድጓዱ አወጣሁት። ወንድይራድ አልተቀየመኝም፤ አንገቱን አስግጎ ግራና ቀኝ አየና ተመልሶ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱ ደግሞ እዚያ አገር አቀበት ነው። ጣውላዎቹ ወደ ታች አንሄድም አሉ። ፈትቼ ተሸከምኳቸው። ሪራን አልፌ ሐረና ጫካ እስክገባ ድረስ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ ድንጋይ እየፈነቀልኩ ወረድኩ። ዛፎቹ ሥሮቻቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ቆመዋል፤ ቀፎዎቹ ሥሩ ላይ ተሰቅለዋል። ንቦቹ ጭስ እየነፉ አንዱን ገበሬ ከጎጆው ሊያስወጡት ይሞክራሉ። በትዕግሥት እንዲወጣ ይለምኑታል። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ደረቴ መጨነቅ ጀመረ። አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ግን በቀጭን ፉጨት ነው። ፉጨቱን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ከጎኔ ሲያፏጭ የሰማሁት ነው። ከውስጥ ምን እንደሚመስል ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበር።

ዶሎ መና ስደርስ ማንጎዎቹ በበረዶ ተጠቅልለው ተንጠልጥለዋል። ከድር ሦስት ጋቢ ደርቦ በሩ ላይ ተቀበለኝና ለምን ይህን ያህል እንደቆየሁ ጠየቀኝ። ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር አንድ ትልቅ ነገር እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀረብ ስል መንገዱ ነው። የእኔው መንገድ። መቶ አስር ኪሎ ሜትሩን ሰብስቦ፣ ጠጠሩን አራግፎ ተጋድሟል።

«እዚህ ነህ?» አልኩት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጀርባዬን ስትፍቀኝ» አለኝ መንገዱ፣ «አንድ ቀን እንኳ ወዴት ነው የምትሄደው ብለህ አልጠየቅከኝም።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። ግድ የለም አለና ወደ ሌላው ጎኑ ተገላበጠ። ትንሽ አቧራ ተነሣ።

ጥሩወርቅ ከክፍሉ በር ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ካፖርት አልለበሰችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምን እንደጎደለ አልገባኝም፤ ቆይቶ ነው ድምፅዋ እንደጠፋ ያስተዋልኩት። ፉጨቱ የለም። ምንም የለም። ደነገጥኩ። ጆሮዬን ከነቢጫ ምልክቱ ደረቷ ላይ አደረግኩት።

«ጥሩዬ፣ ምነው አትተነፍሺም?»

«እየተነፈስኩ ነው» አለች ሽንኩርቷን ሳትተው። «አንተ ስትሰማ የኖርከው ሳልተነፍስ ነው።»

ከድር ወደ ማንጎው ፊቱን አዞረ። እኔ ምን ልል እንዳሰብኩ አውቃለሁ። የቦታ ስም ልል ነበር። ሁለት ቃል ነው፣ ሦስት ዓመት ያልወጣኝ። አፌን ስከፍት ግን በረዶ ገባበት፤ ባወጣሁት ቁጥር ሌላ ይገባል። እሷ ደግሞ መልስ እንደማይወጣኝ አውቃ አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና በሩን መለስ አደረገችው። በእጄ ልይዘው ስንጠራራ አንድ ሰው እግሬን ያዘኝ።

ነቃሁ።

ፀሐይ ወጥታለች። ብርድ ልብሱ ላዬ ላይ የለም። መጋረጃው የለም። ቁም ሳጥኑ የለም፤ ቆሞበት የነበረው ግድግዳ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል። ከአልጋዬ ግርጌ ጢማቸው የሸበተ ሁለት ጫኝና አውራጆች ገመድ ይዘው ቆመዋል። አንደኛው እግሬን ስለነካኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ውጪ መኪና ሞተሩ ተነሥቷል።

ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው።

«አልጋው ብቻ ነው የቀረው» አለኝ ትልቁ። «እመቤቲቱ ጋቢና ገብተዋል። እንቀስቅሳቸው ወይ ብንላቸው ከነያዘው ጫኑት አሉን።»

ጫማዬን እንዲያቀብሉኝ ለመንኳቸው። ተጭኗል አሉኝ።