ስለ ነጋዴው የሥራ ሰዓትና ስለ ሰሊማ የሠርግ ቀሚስ የተደረገ ስብሰባ

በከሚሴ ከተማ የቀበሌው ነጋዴዎች የሥራ ሰዓት አጠቃቀም ኮሚቴ ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 1973 ዓ.ም. በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቧል።

የተገኙ፦
ጓድ ሙህዲን፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሊቀመንበር
ጓድ ዩሱፍ፣ ባለ ወፍጮ
ጓድ ዓዲላ፣ ባለ ሻይ ቤት
ጓድ ቃሲም፣ ልብስ ሰፊ
ጓድ ጀይሉ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ጸሐፊ

ስብሰባው ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ጸሐፊው ይህን ከእጃቸው ሰዓት አይተው ሲመዘግቡ፣ ጓድ ዩሱፍ ያ ሰዓት እርሳቸው ለጥገና የሰጡት መሆኑን አስታውቀዋል። ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ ታልፏል።

አጀንዳ አንድ፦ የነጋዴው ጊዜ የት እንደሚገባ ስለ ማጣራት

ጓድ ዓዲላ እንዳስረዱት፣ የልጃቸው የሰሊማ ሠርግ ነገ ነው። ለቀሚሷ የሚሆነው ጨርቅ ለጓድ ቃሲም የተሰጠው በመስከረም ቢሆንም ቀሚሱ እስካሁን እጅጌ የለውም። ልጅቱ ዛሬ ጠዋት ሄዳ ሱቁ በተቀማጭ ተሞልቶ ስላገኘችው አልቅሳ ተመልሳለች። «እጅጌ የሌላት ሙሽራ የት አገር ታይታለች?» ሲሉም ጠይቀዋል።

ጓድ ቃሲም ሲመልሱ፣ ከሁሉም ቀድመው ሱቅ እንደሚከፍቱ ገልጸው የሚከተለውን ተናግረዋል። «መቀሱን ሳነሳ አንዱ ይመጣና 'አካም ቡልተኒ' ይላል። እኔን ጠይቆ፣ ልጆቼን ጠይቆ ከብቶቼ ጋ ይደርሳል። ሰው ደህና አደርክ ሲለኝ አቀርቅሬ ልስፋ? ወላሂ አልችልበትም።»

አዘውትሮ የሚመጣው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ስም ከሚጠሩ መርፌ ቢውጡ እንደሚሻላቸው ገልጸዋል። በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር። ጓድ ዩሱፍ ግን ሊቀመንበሩ በየማለዳው በጓድ ቃሲም ሱቅ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ አጋልጠዋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ዩሱፍን ይህን እንዴት ሊያውቁ እንደቻሉ ቢጠይቋቸው፣ እርሳቸውም አጠገባቸው ስለሚቀመጡ መሆኑን መልሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በሥራ ቦታ የሚደረግ ሰላምታ በሰው ጤንነት ላይ ብቻ እንዲወሰንና ከብት እንዳይጠየቅ ተወስኗል። ጓድ ዩሱፍ ላማቸው በዚህ ሳምንት መውለዷን ጠቅሰው፣ ሳይጠይቃቸው የሚያልፍ ሰው እንደ ባላጋራ እንደሚቆጠር ስላስጠነቀቁ፣ አዲስ የወለደች ላም ከውሳኔው ውጭ ሆናለች።

አግዳሚ ወንበሩ እንዲነሳም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሊቀመንበሩ በብርቱ ስለተቃወሙ ጀርባውን ለልብስ ሰፊው ሰጥቶ ወደ መንገድ እንዲዞር ተወስኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ጊዜ ጥቅም የሊቀመንበሩ ገለጻ

ጓድ ቃሲም ሄደው ቀሚሱን ለመጨረስ ፈቃድ ጠይቀዋል። ገለጻው ለእርሳቸው የተዘጋጀ ስለሆነ አልተፈቀደላቸውም። ጓድ ዓዲላ ይህን ሲሰሙ ከአዳራሹ ወጥተው ጓድ ዩሱፍን አስከትለው ሄዱ፤ የስፌት መኪናውንና ቀሚሱን ይዘው ተመለሱ።

ገለጻው ተጀመረ፤ ስፌቱም ተጀመረ። ከመኪናው ድምፅ የተነሳ «ጊዜ» ከሚለው ቃል በቀር ለጸሐፊው የተሰማ የለም። ሊቀመንበሩ መኪናው እንዲቆም ቢያዙ፣ ጓድ ዓዲላ «እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ መኪናው ይሥራ» ብለዋቸዋል። አርፈው ተቀምጠዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

ጓድ ቃሲምን ፈልገው የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ተሰብስበው የነበረ ሲሆን፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብለው እንዲቆዩ ተደርጓል። ጓድ ቃሲም ቀና ሳይሉ፣ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰላም ያለው ቀን ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናግረዋል። አንዱ እጅጌ ገብቷል።

ሌላ ጉዳይ ባለመኖሩ ሊቀመንበሩ ሊዘጉ ሲነሱ፣ ጓድ ዓዲላ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ቆሙ። «አሁን ከዘጉት ያ ሁሉ ሰው ይገባል። ልጄ በአንድ እጅጌ ትዳር?» አሉ። ሊቀመንበሩ እንደሚያዝኑ፣ ነገር ግን የሚወያዩበት ጉዳይ ሳይኖር መሰብሰብ እንደማይቻል አስረድተዋል።

ከዚያም ጓድ ዩሱፍ እጃቸውን አውጥተው፣ የተወሰነው ሁሉ ቢሰረዝ እንደገና የሚወያዩበት ጉዳይ እንደሚገኝ አመለከቱ። ውሳኔዎቹ በሙሉ በአንድ ድምፅ ተሰርዘዋል። በዕለቱ በአንድ ድምፅ ያለፈ ውሳኔ ይህ ብቻ ነው።

ውይይቱ ከሰላምታ ጀመረ። ጓድ ዩሱፍ ስለ ጥጃቸው ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ሊቀመንበሩም ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የጥጃውን መልክ፣ የእናቱን ዘርና የወተቷን መጠን በየተራ ጠየቁ። ማንም አላቋረጣቸውም።

ሁለተኛው እጅጌ ሲያልቅ ሰሊማ ተጠርታ ገባች፤ ቀሚሱንም ከላይ ደርባ ለካችው። ልክ ሆኗል። ጓድ ዓዲላ እልልታቸውን አቀለጡት፤ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርላቸው ስለጠየቁ ሰፍሯል። ልጅቱ የጓድ ቃሲምን እጅ ልትስም ጎንበስ ስትል፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ ገና ትኩስ ስፌት ነው» አሏት። መነጽራቸውንም አውልቀው ሲጠርጉ ቆይተዋል።

ጸሐፊው የተሰረዙት ውሳኔዎች ተመልሰው ይጸኑ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ሙሽራይቱን እያዩ «ማሻአላህ» ካሉ በኋላ፣ «ይቅሩ» ብለዋል።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ አንድም የጸና ውሳኔ ሳይኖር ስብሰባው ተበትኗል።